የአዲሱ መላጊያ እንከን

አምባው ጠዋት ጠዋት የእንጨት ሥራ ቤቱን የቆርቆሮ በር ይከፍትና መብራቱን ከማብራቱ በፊት፣ በጨለማው ውስጥ የግራ መዳፉን በማሽኖቹ ላይ እያሳለፈ ከበሩ እስከ ጓሮው ይሄዳል፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ያልተወው ልማዱ ነው። ከጦሳ ተራራ የወረደው የደሴ ጭጋግ በበሩ ሥር ሾልኮ ይገባል፣ የዋንዛ ሰጋቱራ ከኮላና ከቫርኒሽ ጋር ተቀላቅሎ አፍንጫ ውስጥ ይቀመጣል፣ ብረቱም ሌሊቱን ሲጠጣው ባደረው ብርድ ጣት ያደነዝዛል። አምባው ግን ያን ብርድ ይወደዋል፤ ጣቶቹ ሁሉ በየቦታቸው እንዳሉ የሚነግረው እሱ ነውና።

ዐሥር ናቸው። በሰኞ ገበያ የአናጢዎች መደዳ ሃምሳን ተሻግሮ ዐሥር ጣት የቀረለት እሱ ብቻ ነው፤ ይህንንም ሰው እንዲረሳበት አይፈልግም። ደንበኛ ሲመጣ ሁለት እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ «እስኪ ቁጠር!» ይላል። ሲበዛ ሰው ጤፉ ነው። በግራ እጁ ያጠለቀውን የጋብቻ ቀለበት እንኳ ማሽን ላይ ሲቆም አያወልቅም፤ ቀለበት የሚያወልቅ ራሱን የማያምን ፈሪ ነው ባይ ነው። ጣውላ በሚያለሰልሰው ማሽን፣ በመላጊያው ላይ ለሚሠራው ለይመር ደግሞ ለብቻው የተቀመጠ ንቀት አለው። ይመር ከስምንት ዓመት በፊት እዚሁ ቤት፣ አሮጌው መላጊያ ላይ፣ የቀኝ እጁን ትንሿን ጣትና የቀለበት ጣቱን አጥቷል። የዚያን ዕለት አምባው ያለውን መደዳው እስከ ዛሬ አልረሳውም።

«ማሽን ጣት አይቆርጥም። ጣቱን የሚሰጠው ደንቆሮ ነው።»

አዲሱ መላጊያ ሰኞ ዕለት ከኮምቦልቻ በጭነት መኪና መጣ። አረንጓዴ ነው፤ የሥራ ጠረጴዛው መስተዋት ይመስላል፣ ፕላስቲኩ እንኳ ገና አልተገፈፈም። ጎረቤት አናጢዎች ሥራቸውን ትተው ከበቡት፣ እንኳን ደስ ያለህ አሉ፣ አምባውም አንዱ ሊነካው እጁን በዘረጋ ቁጥር «ከሩቅ! ከሩቅ!» እያለ ያባርራል። ይመር ይህን ሁሉ ቆሞ ካየ በኋላ ጠጋ አለው።

«ጋሽ አምባው፣ መጀመሪያ የሚላገውን ጣውላ እንደ ወጉ ለእድሩ እንስጥ። ቃሬዛውን እኔ እሠራዋለሁ፣ ድካሙም የእኔ ይሁን።»

የመደዳው ወግ ነው። አዲስ ማሽን ሲገባ መጀመሪያ የላገው ጣውላ አይሸጥም፤ የሬሳ መሸከሚያ ተሠርቶበት ለእድር ይሰጣል። የማሽኑ ድርሻ ይሉታል። ብረት ድርሻውን ካልሰጡት ራሱ ይወስዳል ይላሉ። እየሳቁ ነው የሚሉት፣ ግን ወጉን የዘለለ የለም፤ ከአምባው በቀር። አሮጌው መላጊያ የገባ ዕለት ዘሎት ነበር።

አምባው ሰዉ ሁሉ እንዲሰማው ጮክ ብሎ ሳቀ። «ማሽን ነው የገዛሁት፣ ጥሎሽ የምሰጠው ሚስት አላገባሁም! ዋንዛዬን ለሬሳ ልልግ? ሬሳ እንደሆነ ጣውላው ሻከረኝ ብሎ አይከስ!»

እየሳቀ በሞተሩ የብረት መሸፈኛ ላይ የነበረውን ፕላስቲክ ገሽልጦ ጣለው። ሳቁም እዚያው ቆመ።

በአዲሱ አረንጓዴ ቀለም መካከል እንከን ነበር። ቀለሙ ሳይደርቅ አንድ ሰው ተደግፎት የሄደ ይመስል፣ ጠርዙ ያበጠ፣ መሐሉ የጎደጎደ የመዳፍ ምልክት ነው። ከሩቅ አይታይም፤ በሩ በኩል የሚገባው ብርሃን በጎን ሲያርፍበት ግን ቁልጭ ይላል። ጎረቤቶቹ እርስ በርስ ተያዩ፣ አንዱንም ሳል የመሰለ ሳቅ አመለጠው። አምባው ፊቱ በርበሬ መስሎ ለሻጩ ደወለ።

«የውበት ጉዳይ ነው ጋሼ፣ ሥራውን አይነካም» አለ ሻጩ። «ቀለሙን እልክልዎታለሁ።»

«እርጥብ ቀለም ላይ እጁን የሚያሳርፍ ምን ዓይነት ደንቆሮ ነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ» አለ ሻጩ፤ ቀጥሎም፣ «ብቻ ከመጋዘን ስናወጣው አልነበረም። በፕላስቲኩ ውስጥ አይቼዋለሁ፤ ንጹሕ ነበር» አለ።

አምባው ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋበት። ውሸታም! ነጋዴ ደግሞ መቼ እውነት ተናግሮ ያውቃል።

ቀለሙ በማግስቱ ጠዋት ደረሰ። ቫርኒሽና ቀለም የምትቀባው እታፈራሁ ናት፤ ዐሥራ ሁለት ዓመት በዚህ ቤት ሠርታ አንድ ቀን እንኳ ሥራዋ ተበላሽቶ አያውቅም። ምልክቱን እስከ ብረቱ ፋቀችው፣ ጎድጓዳውን በስቱኮ ሞላች፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰች፣ ሁለት ጊዜ ደራርባ ቀባችው። ማታ በሩ ሲዘጋ መሸፈኛው እንከን አልነበረበትም። ረቡዕ ጠዋት አምባው በጨለማው ውስጥ እንደ ልማዱ መዳፉን እያሳለፈ መጥቶ እዚያ ሲደርስ፣ ጣቶቹ ጎድጓዳ ነገር ውስጥ ገቡ፤ ብረቱ ሁሉ በቀዘቀዘበት በዚያ ቤት ያቺ ቦታ ብቻ ለብ ብላ ነበር። እጁን ሳብ አደረገና መብራቱን አበራ።

«ስቱኮው ሳይደርቅ ነው የቀባሽው!» ብሎ ጮኸባት እታፈራሁ ስትገባ። «ዐሥራ ሁለት ዓመት ያበላሁሽ ለዚህ ነው?»

«ደርቋል ጋሼ። በጥፍሬ ሞክሬዋለሁ» አለች ቀስ ብላ። ዓይኗ ግን ከምልክቱ አልተነሣም።

የዚያን ዕለት ሥራውን ራሱ ያዘው። ሰው ሁሉ ሰነፍ ስለሆነ ሥራ ሁሉ መጨረሻው እሱ ጋ ነው የሚመጣው። ፋቀ፣ ሞላ፣ አለሰለሰ፣ ቀባ። እስኪደርቅ ይመርን ከአንድ ሙሽራ ለታዘዘ አልጋ ጣውላ እንዲልግ አዘዘው፤ ያ የመጀመሪያው ጣውላ ነበር። መላጊያው ሲነሣ ድምፁ ቀጭን ነው፣ እንጨት ሲገባለት ይወፍራል፣ ይህ የሁሉም መላጊያ ጠባይ ነው። ሲጠፋ ግን ሌሎቹ እያቃሰቱ ቀስ ብለው ይቆማሉ፤ ይህኛው አይደለም። ይህኛው ጸጥ ይልና፣ ሁሉም ሰው ፊቱን ካዞረ በኋላ፣ ከሆዱ ውስጥ አንዲት አጭር ድምፅ ያሰማል፤ ሰው አፉ የሞላውን ሲውጥ የሚሰማ ዓይነት። ሰጋቱራውም የዋንዛ ሽታ አልነበረውም። ጥፍር እሳት ሲነካው የሚሸተው ያ ሽታ ነበረው፤ አምባውም ቢላዋው አዲስ ስለሆነ ነው አለ። ይመር ጣውላውን አስቀምጦ የቀኝ እጁን ጉያው ውስጥ ከተተ።

ሐሙስ ጠዋት ምልክቱ ተመልሶ ነበር። አሁን ግን ከትላንቱ ይበልጥ ጠርቷል፤ የመዳፉ መስመሮች ሳይቀሩ ይታያሉ። አውራ ጣት አለ፣ የቀለበት ጣት አለ፣ ትንሿ ጣት አለች። በመካከል የሁለት ጣት ቦታ ባዶ ነው፣ ቀለሙም እዚያ ላይ ልስልስ ብሎ ደርቋል።

አምባው የምልክቱን ጣቶች ሲቆጥር ሁሉ ነገር ገባው። ሦስት ጣት! ለካ ምቀኛው እዚሁ ቤት ነው! ይመርን በአንገትጌው ይዞ እየጎተተ አመጣው።

«ማታ ማታ እየመጣህ ነው አይደል? በዚህ በጎደለ እጅህ ቀለሜን የምታበላሸው? ድርሻ ድርሻ የምትለኝ ለዚህ ነው?»

ይመር አልተቆጣም። ስምንት ዓመት ሙሉ ስድብ የጠጣ ሰው እንዴት ይቆጣል። ቀኝ እጁን ከጉያው አውጥቶ ምልክቱ ላይ አሳረፈው። አልገጠመም። የእሱ የጎደሉት ከዳር ናቸው፣ የምልክቱ የጎደሉት ከአውራ ጣት ቀጥሎ ያሉት ሁለቱ። ደግሞም ምልክቱ የግራ እጅ ነው።

እታፈራሁ ጎንበስ ብላ አየች። በምልክቱ የቀለበት ጣት ሥር አንዲት ቀጭን የዞረች መስመር ነበረች። ቀና ብላ የአምባውን ግራ እጅና ቀለበቱን አየች።

«ጋሼ፣ አሁንም አልረፈደም» አለ ይመር። «ያን ጣውላ ለአልጋው አያድርጉት። ዛሬውኑ ቃሬዛ ላድርገውና ለእድሩ ልስጥ። ደሞዜን አልፈልግም። አላህ ያውቃል፣ ይህን የምለው ለእጅዎ ብዬ ነው።»

አምባው ለአፍታ፣ ለአንዲት አፍታ ብቻ፣ የምልክቱን ለብታ አስታወሰ። ወዲያው ግን ሁለቱ እንደዚያ አዝነው ሲያዩት ደሙ ፈላ። እሱን? ዐሥር ጣት ያለውን ሰው፣ ጎደሎ እጅ ይዘንለት?

«ለእጄ! ለእኔ እጅ አንተ ልታስብ? ኧረ ወዲያ! ቁሙና እዩ። እንጨት እንዴት እንደሚላግ ዛሬ ላሳያችሁ።»

ምልክቱን ራሱ ለሁለተኛ ጊዜ ፋቀው፣ ሞላው፣ አለሰለሰው። ስቱኮው እስኪጠነክር አጠገቡ ተቀምጦ ጠበቀ፣ ምሳም አልበላ። ከዚያ እየተሳደበ ቀባው፤ ቀለሙም ገና እያብለጨለጨ ሳለ ከዋንዛው ሁሉ ረጅሙን ጣውላ አንሥቶ መላጊያውን አስነሣ። የቤቱ ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ፣ አቧራው ከጣሪያው ወረደ፣ ድምፁ ጆሮን ደፍኖ ጥርስ ሥር ገባ። አምባው ቀኙን ከኋላ፣ ግራውን ከላይ አድርጎ ጣውላውን ገፋ። እንጨቱ እንደ ቅቤ ሄደለት። አንድ ቦታ ላይ፣ ቋጠሮ ነው መሰለው፣ ድምፁ ለቅጽበት ወፈረና ተመልሶ ቀጠነ፤ ጣውላው አንድ ጊዜ ዘለል አለ፣ እሱም ወደ ፊት ገፋው፣ አለፈ። እነይመርን ዞር ብሎ አየ። ሁለቱም ፊታቸው አመድ መስሏል። አፍረው ነው፤ ይፈሩ!

ጎንበስ ብሎ በቀኝ እጁ ማጥፊያውን ተጫነ። ጸጥታ ወረደ። ከማሽኑ ሆድ ያቺ የመዋጥ ድምፅ መጣች።

«የታለ?» አለ አምባው እያለከለከ። «የታለ ድርሻችሁ? የታለ ጉዳችሁ?»

እታፈራሁ አፏን በሁለት እጇ ይዛለች። ይመር ሻሹን ከአንገቱ እየፈታ ወደ እሱ ይመጣል፤ የሚያለቅስ ይመስላል፣ ይህ ቂል ደግሞ ምን ያስለቅሰዋል? ከታች፣ ሰጋቱራው ላይ፣ ጠብ ጠብ የሚል ነገር ይሰማል። ዘይትም ያፈሳል ለካ! ለሻጩ አንድ ስድብ ተጨመረለት። አምባው ራሱን ያዞረው መሰለው፤ ምሳ ስላልበላሁ ነው አለ በልቡ፣ እንዳይወድቅም ያገኘው ነገር ላይ ተደገፈ።

የተደገፈው እርጥቡ ቀለም ላይ ነበር። ስሕተቱ ወዲያው ገባውና ግራ እጁን ከመሸፈኛው ላይ አነሣ። ምልክቱ እዚያ ነበር፤ አውራ ጣት፣ የቀለበት ጣት ከነቀለበቱ መስመር፣ ትንሿ ጣት፣ ልክ ጠዋት ከመፋቁ በፊት እንዳየው።

ከዚያ በኋላ ነው የራሱን ጣቶች የቆጠረው።