ቆማ የሄደች መኪና

ወዳጄ፣ ወሬዬን ከመጀመሬ በፊት ማንነቴን ልንገርህ፤ እኔ ጥላ አይቶ የሚያማትብ፣ ውሻ ሲያላዝን ትርጉም የሚፈልግ ሰው አይደለሁም፣ ሆኜም አላውቅም። በወጣትነቴ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ምሕንድስና የተማርሁ፣ ከዚያም ዕድሜዬን በሙያ ትምህርት ቤት ስለ ሞተር ሳስተምር የፈጀሁ ሽማግሌ ነኝ። አንድ ጊዜ ደብረ ታቦር ውስጥ አንድ ቤት ጋኔን ገባበት ተብሎ ሰፈሩ ሲታመስ፣ መሰላል ተሸክሜ ሄጄ የጣሪያው ቆርቆሮ ምስማሩን ለቆ ነፋስ እንደሚያንኳኳው አሳይቼ የተመለስሁት እኔ ነኝ፤ ባለቤቴማ «ለአንተ መልአክ ቢገለጥልህ ቁመቱን በሜትር ትለካዋለህ» እያለች ትሥቅብኛለች። ስለዚህ አሁን የምነግርህን አላምንም ብትለኝ አልቀየምህም፤ እመነኝ፣ ከአንተ በፊት ያላመንሁት እኔው ነኝ።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ እጄ ሥራ ሲፈታ አንድ ሶፍትዌር መጻፍ ያዝሁ። የዘመኑ መኪና ከመሪው በታች አንድ መሰኪያ አለው፤ ላፕቶፕ በገመድ ከዚያ ጋር ሲያያዝ ሞተሩ ስለ ራሱ የሚያውቀውን ሁሉ ይናገራል፣ ስንት ዙር እንደሚዞር፣ ምን ያህል ነዳጅና አየር እንደሚወስድ፣ ሙቀቱን፣ ፍጥነቱን፣ የነጂው እግር ቤንዚን መስጫውን ምን ያህል እንደረገጠው። የእኔ ሶፍትዌር ይህን በሰከንድ ዐሥር ጊዜ እየተቀበለ በመስመር ይሥላል፣ ይመዘግባል፤ መዝገቡን በጥሞና ያነበበ ሰው ሞተሩ የት እንደታነቀ ያውቃል፣ አውቆም ያስተካክለዋል።

ይህን ሥራዬን ከልቧ የፈለገችው አንዲት ሰው ብቻ ነበረች፤ የጎረቤቴ ልጅ ትርንጎ። ሰባት ዓመት በዓረብ አገር በሰው ቤት ስትሠራ የአሠሪዎቿ ልጅ በግቢው የውድድር መኪና ይፈታና ይገጥም ነበርና፣ መብራት እየያዘች፣ መፍቻ እያቀበለች፣ ሙያውን በዓይኗ ሰርቃ መጣች፤ መጥታም የሰባት ዓመት ላቧን አንዲት አሮጌ የጃፓን መኪና ላይ አፈሰሰችው። እናቷ «የሰው ልጅ ከዓረብ ሲመለስ ቤት ይሠራል፣ የእኔዋ ቤቷን ጎማ ላይ ሠራችው» እያሉ ለሰፈሩ ያማርራሉ፣ ሰፈሩም ይሥቃል። የእሷ ሐሳብ ግን የጠራ ነበር፤ አዲስ አበባ በሚደረግ የመኪና ውድድር ገብታ ስሟን ካስጠራች ሰው መኪናውን ሊያሠራ ወደ እሷ ይመጣል፤ ሞተሩ ከተሰበረ ግን ሌላ የሚገዛበት የለም፣ የሚቀራት ወደዚያው ሰው ቤት መመለስ ነው።

ሞተሩ ደግሞ ያንኳኳ ነበር። በከፍተኛ ዙር ዳገት ሲወጣ ነዳጁ ያለ ጊዜው እየተቀጣጠለ ብረት በብረት ላይ እንደሚወቀጥ ያለ ድምፅ ያሰማል፣ ያ ድምፅ ከዘለቀ ፒስተኑን ይበሳዋል። ዐሥራ አንድ ጊዜ መዝግበን ዐሥራ አንድ ጊዜ አስተካከልነው፣ ዐሥራ አንድ ጊዜም አንኳኳ፤ ውድድሩ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ ዛሬም ካልተስተካከለ ትተይዋለሽ ብዬ ቁርጡን ነገርኋት።

ቀኑ በፍልሰታ ነበር፣ ሰዓቱ ወደ ስምንት ግድም፤ ጾሙ አዙሮህ ይሆናል እንዳትለኝ፣ ከልጅነቴ ጀምሬ ጾሜአለሁ፣ አንድም ቀን አዙሮኝ አያውቅም። ከደብረ ታቦር ተነሥተን የገሳይን ከተማ አልፈን ወደ ጉና ተራራ ዳገት አቀናን። እሷ ትነዳለች፣ እኔ ላፕቶፑን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ አነባለሁ፤ በእኔ ሕግ የሚነዳ ስክሪን አያይም፣ የሚያነብ መንገድ አያይም።

«ጋሼ፣ አንቱ እኮ ገሳይን በቁጥር እንጂ በዓይን አያውቋትም» አለችኝ።

ቁጥር ጭቃ የለውም ብዬ መለስሁላት። ሣቀች፣ ወዲያውም ሣቋ ተቆረጠ፤ ዳገቱ ወገብ ላይ ሞተሩ ማንኳኳት ጀምሮ ነበር። ጉም ከጉና ወርዶ መንገዱን ሲውጠው መኪናዋን ወደ ዳር አውጥታ አቆመች፣ ሞተሩን አጥፍታ ቁልፉን ነቀለችና ጭኗ ላይ አኖረችው። ከፊታችን ዐሥር እርምጃ ያህል ርቀው ባለቤታቸው የማይታይ በጎች አስፋልቱ ላይ ተኝተዋል፣ ከእነሱ ወዲያ ያለው ሁሉ ነጭ ነው።

እኔ መዝገብ የምዘጋው ሞተሩ ከጠፋ በኋላ አንድ ደቂቃ ጠብቄ ነው፤ ሁሉም መስመር ዜሮ ላይ ሲተኛ ካላየሁ መሣሪያው እንዳልዋሸ በምን አውቃለሁ? ስለዚህ ሰዓቴን ይዤ መስመሮቹን ተመለከትሁ፤ ተኝተዋል። ትርንጎ በቃ ወይ ብላ ጠየቀችኝ፣ ደቂቃው አልሞላም አልኋት፣ ይህን ብዬ አፌን ሳልዘጋ የዙሩ መስመር ተነሣ። መጀመሪያ ሞተር ሲነሣ እንደሚያደርገው ዘለለ፣ ከዚያ ስምንት መቶ ላይ ረጋ፤ አንድ ትንፋሽ ያህል ቆይቶ የቤንዚን መስጫው መስመር ተከተለ፣ ቀጥሎም የፍጥነቱ፣ አምስት፣ ዐሥር፣ ዐሥራ አምስት። ቁልፉን አየሁ፣ ጭኗ ላይ ነው። በጎቹን አየሁ፣ እዚያው ናቸው፤ መኪናዋ ቆማለች፣ ድምፅም የለም።

ፍጥነቱ ሃያን ሲያልፍ አራቱም በሮች በአንድ ጊዜ ጠቅ ብለው ተቆለፉ።

ይህን ላስረዳህ፤ የዚህች መኪና በሮች ፍጥነቷ ከሃያ ሲያልፍ ራሳቸው ይቆለፋሉ፣ ሞተሩ ሲጠፋ ራሳቸው ይከፈታሉ፣ ሥሪታቸው እንዲያ ነው። ትርንጎ ደግሞ መኪናዋን ለማቅለል ብላ የበሮቹን ውስጠኛ ልባስና የእጅ መክፈቻቸውን አውጥታ ጥላለች፣ የጎንና የኋላ መስተዋቶቹንም በማይከፈት ፕላስቲክ ለውጣቸዋለች፤ እኔም ያን ጊዜ ክብደቱ በመቀነሱ አመስግኛታለሁ። ቁልፉን ሰክታ አዞረችው፣ መኪናዋ ምንም አልመለሰችም፤ በትከሻዋ በሩን ገፋችው፣ ፕላስቲኩ እንደ ከበሮ አስተጋባ እንጂ አልተበገረም።

እኔ አስተማሪ ነኝና ምክንያት ፈለግሁ። ሶፍትዌሩ የቆየ መዝገብ እያሳየኝ ይሆናል ብዬ ፋይሎቹን አየሁ፣ አዲስ ነው፤ ገመዱ ተነካክቶ ይሆናል ብዬ ከመሰኪያው ነቀልሁት፣ በእኔ ሶፍትዌር ሕግ ያን ጊዜ «ተቋርጧል» የሚል ጽሑፍ መውጣት ነበረበት፣ አልወጣም፤ የገመዱን ጫፍ በግራ እጄ ይዤ፣ እመነኝ፣ መስመሮቹ መሣላቸውን ቀጠሉ። የሚቀዘቅዝ ሞተር ጠቅ፣ ጠቅ እያለ ድምፁ እየተራራቀ ይሄድና ይሞታል፤ ከኮፈኑ ሥር የሚሰማው ግን አልተራራቀም፣ እንዲያውም እየተጠጋጋ ሄደ።

መስመሩን አነበብሁት፣ ሌላ ምን ላደርግ እችላለሁ? ሰው በእጅ ጽሑፉ እንደሚታወቅ ሁሉ በእግሩም ይታወቃል፤ ትርንጎ ማርሽ ስትቀይር ቤንዚን መስጫውን ሙሉ በሙሉ አትለቅም፣ በመስመሩ ላይ ትንሽ ጉብታ ታስቀራለች፤ ይህ እግር ግን ጉብታ የለውም፣ ተጎትቶ እንደወጣ ፈትል ልስልስ ብሎ ይወጣል፣ ከእያንዳንዱ ማርሽ በፊት የሆነ ነገር እንደሚያዳምጥ ሁሉ ለአንዲት ትንፋሽ ይቆማል። የእሷ አይደለም፣ የእኔም አይደለም። ፍጥነቱን በጊዜ እያባዛሁ መንገዱን አሰላሁት፤ ዳገቱን ጨረሰ፣ ስድስት ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ክምር ድንጋይ ከተማ ሄደ፣ ቆመ፣ ጥቂት ወዲህ ወዲያ አለ። ዞረ ማለት ነው።

ሁልጊዜ እንደለመድሁት ድምፄን ከፍ አድርጌ እያነበብሁ መሆኔን ያወቅሁት ትርንጎ ስትናገረኝ ነው።

«ጋሼ፣ በፈጠረዎት፣ አይቁጠሩብኝ።»

«እየተመለሰ ነው» አልኋት፤ «ሦስት ኪሎ ሜትር ቀርቶታል።»

ከመቀመጫዋ ሥር ትልቁን መፍቻ አወጣችና ወደ ፊቱ መስተዋት አነሣችው፣ በፕላስቲክ ያልተለወጠው የፊቱ ብቻ ነውና። ስበሪው አልኋት። እጇ አየር ላይ ቀረ። አየህ ወዳጄ፣ ያ መስተዋት ቢሰበር ከውድድሩ በፊት የሚተካ አይገኝም፤ ሰባት ዓመት ሙሉ የሰው ወለል ስትወለውል የኖረችለት ነገር ነው ፊቷ ላይ የተዘረጋው፣ እሱን ሰብራ ብትወጣ ደግሞ የምትወጣው ያ ነገር ወደሚመጣበት መንገድ ነው። ሁለት ኪሎ ሜትር። አንድ። መፍቻው አይወርድም።

ሦስት መቶ ሜትር ሲቀር ፍጥነቱ መውረድ ጀመረ። ያን ጊዜ ሕጌን ሽሬ ዓይኔን ከስክሪኑ ወደ መንገዱ አነሣሁ። በጎቹ ተነሥተው ነበር፤ ማንም ሳይነዳቸው ግማሾቹ ወደ ቀኝ፣ ግማሾቹ ወደ ግራ ተከፈሉ፣ በመካከላቸውም የመኪና ወርድ ያህል መንገድ ተከፈተ፣ ጥቂት ቆየ፣ ከዚያ ተመልሶ ተዘጋ። ጉሙ እንኳን አልተንቀሳቀሰም። ስክሪኑን ሳይ ፍጥነቱ ዜሮ ነው፤ ዙሩ ግን ስምንት መቶ ላይ እየተንቀጠቀጠ ቆሟል። የመጣው ነገር ከእኛ ጋር ቆሞ ነበር፤ አጠገባችን፣ ወይም ኋላችን፣ ወይም የተቀመጥንበት ውስጥ፣ አላውቅም። ትርንጎ በለሆሳስ «በስመ አብ» ስትል ሰማኋት፣ እኔም በፍርሃት ብዬው የማላውቀውን አብሬ አልሁ።

ከዚያ ዙሩ ወደቀ፣ ሁሉም መስመር ዜሮ ላይ ተኛ፣ አራቱ በሮችም ጠቅ ብለው ተከፈቱ። የተከፈተ በር ከተቆለፈ በር ይልቅ እንደሚያስፈራ ያን ቀን አወቅሁ፤ ሁለታችንም ለረጅም ጊዜ አልተነቃነቅንም።

ስንወጣ መጀመሪያ ያደረግሁት ጎማውን መዳሰስ ነው። በዚያ ብርድ፣ ከቆምን ግማሽ ሰዓት ሊሞላን ምንም አልቀረውም፣ ጎማው ከመጋሉ የተነሣ እጄን አላስቀመጠኝም። ትርንጎ ትሸሻለች፣ ታለቅሳለች ብዬ ነበር፤ እሷ ግን ጎንበስ ብላ ላፕቶፑን ከእኔ መቀመጫ አንሥታ ስክሪኑን ታይ ነበር።

«ጋሼ፣ አላንኳኳም እኮ» አለችኝ። «ያን ሁሉ ዳገት አንድ ጊዜ እንኳን አላንኳኳም።»

እውነቷን ነበር። የማንኳኳቱ መስመር ከዳር እስከ ዳር እንደ ክር የተወጠረ ነው፣ ነዳጁም፣ አየሩም፣ የማቀጣጠያው ጊዜም እኔ ለሳምንታት ፈልጌ ያጣሁት ልክ ላይ ነው።

«በዚህ መዝገብ ያስተካክሉልኝ።»

«ልጄ፣ ይህን ማን እንደነዳው አናውቅም።»

«አንቱ አይደሉ እንዴ መዝገብ አይዋሽም ያሉኝ? ዋሸ ካሉኝ ይሰርዙት። ካልዋሸ ይስጡኝ።»

ዋሸ ብል የዕድሜዬን ሥራ ውሸት ነው ማለቴ ነው፤ አልዋሸም ብል ደግሞ ያን ቀን ጉና ሥር የሆነውን መቀበሌ ነው። ወዳጄ፣ ከመኪናዋ ወጥቼም እንኳን በሩ እንደተቆለፈብኝ ነበር። በማግሥቱ ቁጥሮቹን ከዚያ መዝገብ ላይ ለቅሜ ሞተሩን አስተካከልሁላት፤ አላንኳኳም።

ሄደች፣ ተወዳደረች፣ ሁለተኛ ወጣች፤ እናቷም ከዚያ ቀን ወዲህ «የእኔዋ ሹፌር» እያሉ ነው የሚጠሯት። ሥራ እንደተመኘችው እየመጣላት ነው። የውድድሩን መዝገብ እንዳነበው አመጣችልኝ፣ እኔም እሷ ከሄደች በኋላ ብቻዬን ከፈትሁት። ጉብታዋ የለም። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ማርሽ ያ ልስልስ መስመር ነው፣ ከእያንዳንዱ ማርሽ በፊትም ያቺ የትንፋሽ ዕረፍት። ሞተሩ ሲስተካከል እግርም ይስተካከላል ብዬ ራሴን ለማሳመን ሞከርሁ፤ ለተማሪ ብነግረው ያምነኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ የሰጠችኝ መዝገብ ሁሉ እንደዚያው ነው።

አንድ ቀን እንደ ዋዛ፣ ውድድሩ ላይ ከሁሉ የከበደሽ የትኛው ዙር ነው ብዬ ጠየቅኋት።

«እንጃ ጋሼ፣ መነሻውን አስታውሳለሁ፣ መድረሻውን አስታውሳለሁ። መካከሉ የለም» አለችና ሣቀች። «ደስታ እንዲህ ነው መሰል።»

ሣቋ የራሷ ነው፣ ነገረኛነቷም የራሷ ነው፣ ምን ብዬ ልንገራት? መኪናሽን ሽጪ ልበላት? በየቅዳሜው መጥታ እስከ ገሳይ አብረን ደርሰን እንምጣ፣ የአንቱ ወንበር ባዶ ነው ትለኛለች፤ ጉልበቴን አሞኛል እያልሁ ይኸው ስንት ቅዳሜ አሳለፍሁ። ባለፈው ሳምንት ለጉልበቴ የሚሆን ቅባት ከአዲስ አበባ አስመጥታልኛለች፣ ባለቤቴም ጠዋት ማታ ታሸኛለች፤ ለነገ ቅዳሜ ደግሞ ከትርንጎ ጋር አብሬ እንደምሄድ ባለቤቴ በእኔ ስም ቃል ገብታላታለች።