የክፍል ሰባቱ ኮምፒውተር

ኮምፒውተሩ አልነሳም ያለው ሰኞ ሐምሌ 11 ቀን 1980 ዓ.ም. ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ በስምንት እንግዶች ፊት ነው።

እንግዶቹ ከአዲስ አበባ የመጡ የቁጥጥር ኮሚቴ አባላት ነበሩ። ናዝሬት የሚገኘው የጥጥና ፍራፍሬ ማከፋፈያ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ጓድ ገሠሠ፣ ከሻይ በፊት ኮምፒውተሩን ላሳያችሁ ብሎ ወደ ክፍል ሰባት አስገባቸው። ኦፕሬተሯ ዙለይካ ማብሪያውን ተጫነች። ምንም የለም። ደግማ ተጫነች። መብራትም ድምፅም የለም።

ከእንግዶቹ አንዱ ሳቀ። ያ ሳቅ ዙለይካን አሳሰራት።

እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ነገሩ «ብልሽት» መባሉ ቀርቶ «አሻጥር» ሆነ። የክፍሉ ቁልፍ በዙለይካ እጅ ነው። ታላቅ ወንድሟ ደግሞ አምና በባቡር ወደ ድሬዳዋ እንደሄደ በዚያው ጅቡቲ ገብቷል ይባላል። ለጓድ ገሠሠ ይህ በቂ ነበር። ክፍሉ በሰም ታሸገ፤ ልጅቷ ፖሊስ ጣቢያ ገባች። ዓርብ ጠዋት ወደ አዲስ አበባ የሚወስዳት መኪና ይመጣል ተባለ። በዚያ መኪና ከሄዱት የተመለሱት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

መዝገቡ ሃምሳ አለቃ መርዳሳ እጅ የገባው ሐሙስ ጠዋት ነው። አንድ ቀን ብቻ ቀርቷል።

መርዳሳ ዘጠኝ ዓመት የፖሊስ ሬዲዮ ሲጠግን ኖሮ ወደ ወንጀል ምርመራ የተዛወረ፣ ቃሉ ቁጥብ የሆነ ሰው ነው። ኮምፒውተር ነክቶ አያውቅም። የማይሠራ ዕቃ ግን ብዙ አይቷል፤ ዕቃ እንደ ሰው እንደማይዋሽም ያምናል።

መጀመሪያ ዙለይካን አስጠራት።

«ቅዳሜ ስትወጪ ይሠራ ነበር?»

«ወላሂ ይሠራ ነበር። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ እኔው ነኝ ያጠፋሁት።»

«ቁልፉስ?»

«አንዱ እኔ ጋ ነው። ትርፉ ንብረት ክፍል አለ።»

«የሚጠላሽ ሰው አለ?»

«የሚጠላኝ እንኳ... አሰለፈች ብዙም አትወደኝም።» ጣቶቿን ቆለፈች። «ሃምሳ አለቃ፣ ነገ ይወስዱሻል የሚሉኝ እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

ማጽናናት አያውቅበትም፤ አልሞከረምም።

አሰለፈች የሥራ አስኪያጁ ጸሐፊ ናት። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የድርጅቱ ሪፖርት የወጣው በእሷ ታይፕራይተር ነበር። ኮምፒውተሩ ሲመጣ ክፍሏን ለቅቃ ኮሪደር ላይ ተቀመጠች።

«ይህን ሣጥን እሳት ይብላው ብለዋል ይባላል።»

«ብያለሁ። አሁንም እላለሁ።»

«ቅዳሜና እሑድ የት ነበሩ?»

«ዝዋይ፣ የአጎቴ ተዝካር ላይ። መቶ ሃምሳ ሰው ወጥ ሳወጣ አይቶኛል። ልጠራልህ?»

መርዳሳ ዝዋይ ፖሊስ ጣቢያ በሬዲዮ ጠየቀ። ወጡን ከበሉት መካከል የጣቢያው አዛዥም ነበሩበት። አሰለፈች ነፃ ወጣች።

ከሰዓት በኋላ የክፍል ሰባት ሰም ተሰበረ። ጓድ ገሠሠ ከመርዳሳ ኋላ ቆመ።

«የድርጅቱ ኤሌክትሪሺያን ኮምፒውተሩ ተቃጥሏል ብሏል» አለ።

«ከፍቶ አይቶታል?»

«ከበሩ ላይ ሆኖ ነው ያየው። አሻጥር ያለበትን ዕቃ ማን ደፍሮ ይነካል?»

መርዳሳ ሁለት ሽቦ የታሰረባት አምፖል ከኪሱ አወጣና ከግድግዳው ጀመረ። ሶኬቱ አምፖሏን አበራት። ከሶኬቱ ቀጥሎ ኃይል የሚያመጣጥነው ስታቢላይዘር አለ፤ እሱም አበራት። የቀረው ከስታቢላይዘሩ ወደ ኮምፒውተሩ ጀርባ የሚሄደው ገመድ ነው። ጫፉን ሊነቅል ሳበው። እምቢ አለ። ወዲያ ወዲህ ሲያወዛውዘው ቀጭ ብሎ ወጣ። የአምፖሏን ሽቦዎች በገመዱ ቀዳዳዎች ውስጥ ሰካቸው።

አልበራችም።

«ገመዱን በጥሳዋለች!» አለ ጓድ ገሠሠ።

መርዳሳ ገመዱን ከስታቢላይዘሩ ነቅሎ ከዳር እስከ ዳር በጣቶቹ ዳሰሰው። ቁስል የለበትም። ከደረቱ ኪስ መርፌ ቁልፍ አውጥቶ ቀዳዳዎቹን ፋቀ። ጥቁር ቅርፊት ወረቀት ላይ ረገፈ። አሸተተው። የዘይት ቀለም ነው። ገመዱን መልሶ ሰክቶ ሞከረ። አምፖሏ በራች።

ኮምፒውተሩን ወደ መስኮቱ አዞረው። ገመዱ የሚሰካባቸው ብረቶች ጠቁረዋል። ከበላያቸው፣ በነጩ የኮምፒውተሩ ጀርባ ላይ፣ በወፍራም ጥቁር ቀለም «ንብ. ቁ. 214» ተብሎ ተጽፏል። ከ«4» እግር የወረደ ቀለም ተንጠባጥቦ ብረቶቹ ያሉበት ቀዳዳ ውስጥ ገብቷል።

ቁጥሩን ገመዱን ሲነቅልም አይቶት ነበር። ወንበሩ፣ ጠረጴዛው፣ የቆሻሻ ቅርጫቱ ሳይቀር ቁጥር አለው። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ቁጥር የማይጻፍበት ሰው ብቻ ስለሆነ፣ እንደ ሌላው ሁሉ አይቶ አልፎት ነበር። በራሱ ተናደደ።

«ንብረት ክፍልን ጥሩልኝ» አለ።

የንብረት ክፍል ኃላፊው አቶ ወልደአማኑኤል ጡረታ ለመውጣት አራት ወር የቀራቸው ሰው ናቸው። መዝገባቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው መጡ።

«ይህን ቁጥር ማን ጻፈው?»

«እዚህ ቤት ከእኔ በቀር ቡሩሽ የሚነካ የለም።»

«መቼ ጻፉት?»

«በቆጠራው ነዋ። ሰኔ ሠላሳ። መዝገቡ ይኸው፣ ተፈርሟል።»

«ሰኔ ሠላሳ ቀለም የገባበት ኮምፒውተር እስከ ቅዳሜ ሐምሌ ዘጠኝ ድረስ እንዴት ሠራ?»

ሽማግሌው የገመዱን ጫፍ አዩ። ከዚያ ወረቀቱ ላይ ያለውን ቅርፊት አዩ። ተቀመጡ።

«በሰኔው ቆጠራ ይችን አንዷን ዘለልኳት» አሉ። «ሁሉም ዕቃ ቁጥር አለው ብዬ ግን ፈርሜያለሁ። ኮሚቴው ሰኞ ይመጣል ሲባል ትዝ አለኝ። ቅዳሜ ከሰዓት በትርፉ ቁልፍ ገባሁ። ጓድ ገሠሠ ፊቱን እንዳታበላሹ ብለው ስላዘዙ ከኋላ ጻፍኩት። ገመዱ ለእጄ አልመች ስላለኝ ነቀልኩት፤ ቀለሙ ሳይደርቅ መልሼ ሰካሁት።»

«ሰኞ አልነሳም ሲል ገባዎት?»

«ወዲያው ገባኝ።»

«ልጅቷን ሲወስዷትስ?»

«በሐሰት የፈረመ አሻጥረኛ ነው ቢሉኝስ? ሠላሳ አንድ ዓመት አገልግዬ፣ አራት ወር ሲቀረኝ...» መዝገባቸውን ዘጉ። «ፈራሁ፣ ልጄ። ፈራሁ።»

መርዳሳ ብረቶቹን በምላጭ ፋቀ። ገመዱን ሰካ፤ ማብሪያውን ተጫነ። ውስጡ አንድ ነገር ተሽከረከረ፤ አረንጓዴ ፊደላት ብቅ አሉ።

ጓድ ገሠሠ ሊያጨበጭብ እጁን አነሳና መልሶ አወረደው።

«ሪፖርቱ እኮ ሄዷል። አሻጥረኛ ይዘናል ብለናል። እንግዲህ ስሙን ብቻ እንለውጠው» አለ፤ ሽማግሌውን እያየ።

«ይቻላል» አለ መርዳሳ። «ግን ከኋላ እንዲጻፍ ያዘዘው ሰው ስምም ቃላቸው ውስጥ አለ። እሱም አብሮ ይሄዳል።»

ጓድ ገሠሠ እስክሪብቶ ጠየቀ። ኮምፒውተሩ ተጠግኖ መሥራቱን፣ አሻጥርም አለመኖሩን የሚገልጽ ደብዳቤ ያንኑ ሰዓት ፈረመ። አቶ ወልደአማኑኤል ለፖሊስ የሐሰት ቃል በመስጠት ብቻ ተከሰሱ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መርዳሳ ዙለይካን አስወጥቶ የሆነውን ነገራት።

«ጋሽ ወልደአማኑኤል?» አለች። «አይሆንም። ሦስቱንም ቀን ምሳ ያመጡልኝ እሳቸው ናቸው እኮ። ከመሥሪያ ቤቱ ሌላ ማንም ዝር አላለም። እንድበላው ብለው ከሙስሊም ቤት ያስጠቀልሉልኝ ነበር። አይዞሽ፣ እውነቱ ይወጣል ይሉኛል።»

ሽማግሌው እስኪመዘገቡ በጣቢያው ኮሪደር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ሲያይዋት ባርኔጣቸውን አውልቀው ተነሡ። ዙለይካ ፊታቸው ቆመች። እንባዋ ይወርድ ነበር፤ አልጠረገችውም።

«ጋሽ ወልደአማኑኤል፣ ምሳው ቀርቶብኝ አንዲት ቃል ቢናገሩልኝ ምን ነበረበት?»

ሻሿን አስተካክላ ወጣች።