ሰም የደፈነው ቀዳዳ

መካነ ሰላም ውስጥ ዶቅዶቄ ማየት ብርቅ በነበረበት በ1966 ዓ.ም. ጥር፣ ድሬሰር ፈንታሁን አንዲት አሮጌ ዶቅዶቄ እየገፋ ወደ መርጌታ ወልደ ገብርኤል ግቢ ገባ። ከጤና ጣቢያው ጓሮ ዝናብ ሲመታት የኖረች ናት። እሱ በመርጌታ ግቢ ተከራይቶ የሚኖር የደሴ ልጅ ሲሆን፣ ወደ ማሻ በሚወስደው መንገድ ላይ ለረሀብተኞች በተተከለው መጠለያ ሄዶ እንዲሠራ ታዟል።

«ትነሣለች ብለው ነው?» አለችው የመርጌታ ልጅ ንግሥቴ። ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ ትሠራለች።

«ነፍስ ይኖራት እንደሆን እንያት እስቲ።»

ብልጭታ የሚሰጣትን ካንዴላ ፈታ። ጥላሸት ለብሷል። ፍቆና በቤንዚን አጥቦ መለሰው። ካርቡራተሩን ከፍቶ ዝቃጩን ጠረገ። ንግሥቴ ቀስ በቀስ ተጠጋች። መጀመሪያ የጠየቃትን መፍቻ አቀበለችው፤ ኋላ ሳይጠይቃት ታቀብለው ጀመር። አንዳንዴ ጣታቸው ይነካካል። ያኔ ሁለቱም ዓይናቸውን ብረቱ ላይ ይተክላሉ።

«የቤንዚኑ ክዳን ላይ ያለችው ቀዳዳ ምን ትሠራለች?»

«መተንፈሻዋ ናት። ከላይ አየር ካልገባ ቤንዚኑ ወደ ታች አይወርድም። ትንሽ ትሄድና ቀጥ ትላለች።»

በማግስቱ ከሰዓት ሞተሩ ጮኸ። ዶሮዎቹ ተበታተኑ። ሁለቱም በሳቅ ፈነዱ፤ ሳቁ ሲያልቅም ፈንታሁን ዓይኑን ከእሷ ላይ አላነሣም።

የዚያኑ ዕለት በመጠለያው ለገባው ተስቦ የሚሆን መድኃኒት ከደሴ መጣ።

«ነገ በጠዋት ይዤው እሄዳለሁ» አላት።

«መቼ ይመለሳሉ?»

«እንጃ። ረሀቡ ሲያልቅ።»

ንግሥቴ ጎህ ሲቀድ ተነሣች። አባቷ ቤተ ክርስቲያን ናቸው፤ ፈንታሁን ክፍሉ ውስጥ ዕቃውን ይሸክፋል። ከጧፉ ሰም ቆንጥራ በጣቶቿ አለሰለሰችና ቀዳዳዋን ደፈነቻት። «አንድ ቀን ብቻ» አለች ለራሷ። «አንድ ቀን ምን ይጎዳል?»

ዶቅዶቄዋ ከከተማው ሳትርቅ ቆመች። ፈንታሁን ላብ በላብ ሆኖ እየገፋ መለሳት። ካንዴላውን ነቅሎ ከብረቱ አስጠጋና መርገጫውን ረገጠ፤ ብልጭታው አለ። የቤንዚኑን ቱቦ ነቀለ፤ ጠብ ጠብ ብሎ ተቋረጠ። ቤንዚን አልቆ እንደሆን ለማየት ክዳኑን ሲከፍት ግን ከቱቦው ተንዠቀዠቀ። ክዳኑን ወደ ፀሐይ አንሥቶ ረጅም ጊዜ አየው።

«ምን አገኙ?» አለች ንግሥቴ።

ፈንታሁን ቀና ብሎ አያት። «ገና ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ዛሬም እዚሁ ማደሬ ነው።»

ያን ቀን አብረው ዋሉ። ስለ ደሴ አወራላት፤ ስለ ሕልሟ ጠየቃት። ንግሥቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሏት አያውቅም።

በማግስቱ ሄደ። ዶቅዶቄዋ መንገድ ላይ አልቆመችም።

በዐቢይ ጾም አጋማሽ ሲመለስ ከፊቱ አንዲት ትንሽ ልጅ አስቀምጦ ነበር።

«እናቷ እኔ ልደርስ በዋዜማው አረፈች፣ የኔታ» አላቸው መርጌታን። «መድኃኒቱ ቢደርስላት ትተርፍ ነበር። ልጅቷ ሸጋዬ ነኝ ከማለት በቀር የምታውቀው የለም። ዘመድ ሳፈላልግላት እናንተ ዘንድ ትቆይ ይሆን?»

መርጌታ ልጅቷን አቀፏት። ንግሥቴ ግን ጓሮ ሮጠች። ፈንታሁን ተከተላት።

«እኔ ነኝ የገደልኳት» አለችው። «ቀዳዳዋን በሰም የደፈንኩት እኔ ነኝ። እንዳይሄዱብኝ ብዬ።»

«አውቃለሁ።»

ቀና አለች።

«ሰሙን ገና በጠዋት አገኘሁት፣ ንግሥቴ። ያኔውኑ ብነሣ በዋዜማው እደርስ ነበር። ግን ሰሙን ሳይ ልቤ በደስታ ዘለለ። እንደምትወጂኝ አወቅሁ። እያወቅሁ ዋልኩ።»

አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠ።

ዘመድ አልተገኘም። ንግሥቴ ለነፍስ አባቷ ተናዘዘች፤ ቀኖናዋን ፈጸመች። አልቀለላትም። ሸጋዬ «እማ» ብላ በጠራቻት ቁጥር አንገቷን ትደፋለች። መስከረም ሲጠባ ንጉሡ ከዙፋን መውረዳቸውን ሬድዮ ተናገረ፤ ቀጥሎ ዘማቾች መጡ፤ የባላባት መሬት ላራሹ ሆነ። ከተማው ሁሉ አደባባይ ሲወጣ ሁለቱ የልጅቷን ራስ እያጠቡ ግቢ ውስጥ ቀሩ።

ፈንታሁን ሽማግሌ ልልክ ነው ያላት ያን ቀን ነው።

«በሰው ሞት ላይ ተጋብተን ደስ ይለናል?» አለችው።

«እንጃ። ግን ሌላ ባገባ ይህን ለማን እነግራለሁ?»

ንግሥቴ እጇን ከውኃው አውጥታ በእጁ ላይ አኖረች። ያለ ከበሮ ተጋቡ።

ሸጋዬ አድጋ ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ፣ እናቷ በምን እንደሞተች ጠየቀቻቸው።

«በተስቦ» አለ ፈንታሁን።

«መድኃኒት አልነበረም?»

«ነበር። ዘገየ።»

«ለምን?»

ባልና ሚስቱ ተያዩ። ከዚያ ንግሥቴ ጀመረች፤ እሷ ሲያቅታት ፈንታሁን ቀጠለ። ምንም አላስቀሩም። ሸጋዬ አላለቀሰችም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«ማን ትባል ነበር?»

ፈንታሁን ንግሥቴን አየ። ንግሥቴ መሬት መሬት አየች። በዚህ ሁሉ ዘመን ያችን ሴት ሳያስቧት ያደሩበት ሌሊት አልነበረም፤ ስሟን ግን አንዳቸውም አልጠየቁም።

ሸጋዬ ነጠላዋን አነሣች። «ሄደን እንጠይቅ» አለች።

መጠለያው የነበረበት ሜዳ ገብስ ተዘርቶበት አገኙት። በዙሪያው ካለው መንደር ደጅ ለደጅ ጠየቁ። ብዙዎቹ ያን ዘመን አታንሡብን አሏቸው። አመሻሹ ላይ ግን አንዲት አሮጊት ሸጋዬን አገጯን ይዘው ትክ ብለው አዩዋት።

«የይርገዱ ልጅ!» አሉ። «አንድ ድንኳን ውስጥ ነበርን። አንቺን አቅፋ ነው የሞተችው።»

ሸጋዬ ስሙን ለብቻዋ ደጋግማ ጠራችው። በመልሱ መንገድ ፊት ፊት ሄደች። ንግሥቴና ፈንታሁን ሊጠጓት አልደፈሩም፤ ርቀው ተከተሏት። መታጠፊያው ላይ ስትደርስ ሸጋዬ ቆመች። ዞር ብላም እስኪደርሱባት ጠበቀቻቸው።