እርጥብ ፀጉር

ፊሊፒናዊቷ ሠራተኛ ሎርና ማግባኑዋ አልጋዋ ላይ በጀርባዋ ተንጋላ፣ ብርድ ልብሱ እስከ አገጯ ተስቦላት ሞታ ተገኘች። በካሊፎርኒያ ዴሊ ሲቲ ያለው የአረጋውያን መጦሪያ ባለቤት፣ እሷም ፊሊፒናዊት የሆነችው ቪርጂልያ፣ «ልቧ ነው፤ በእንቅልፏ ሄደች» ብላ ዓይኗን ጠረገች። ደረቅ ዓይን መጥረግ ደግሞ ታውቅበታለች። አሜሪካዊው ባሏ ከርቲስ ራሱን ነቀነቀ።

የፊሊፒንስ ተወላጅ የሆነችው የፖሊስ መርማሪ ዴልፊና አብሮጋር የሟቿን ፀጉር ዳበሰች፤ እርጥብ ነው። ትራሱ ላዩ ደረቅ ነበር። ስትገለብጠው ሥሩ በውኃ ርሷል። የበሩ መቀርቀሪያ ደግሞ በውጭ በኩል ነው።

ከሎርና ጋር በአንድ ክፍል የምታድረውን ሠራተኛ ማሪሉን ልብስ ማጠቢያው ክፍል አገኘቻት።

«እትዬ፣ ምንም አላየሁም! ፖሊስ ካናገርሽ በማግስቱ ማኒላ ነሽ ብለውኛል።»

«ማን ነው ያለሽ?»

«እመቤቴ። ፓስፖርታችን እሳቸው ጋ ነው።»

«ዋሽተውሻል። ከአገር ማስወጣት የኔ ሥራ አይደለም። ተገደሽ መሥራትሽንና ምርመራውን መርዳትሽን ጽፌ እፈርማለሁ። ተገደው ለሠሩ ሰዎች የሚሰጠውን ቪዛ የሚወስነው ኢሚግሬሽን ነው፤ ቃል አልገባልሽም። ሕጉ ግን ላንቺ ዓይነት ሰው ነው የወጣው።»

ማሪሉ ልትናገር ስትል ዓይኗ በሩ ላይ ቀረ። በበሩ ሥር የወንድ ጫማ ቆሞ ይታይ ነበር።

ዴልፊና ሦስቱንም ኩሽና ሰበሰበቻቸው።

«ሎርና ትናንት ልትከሳችሁ ለሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ደውላለች። ማታውን ሞተች። እናቴ ‹ፀጉርሽ ሳይደርቅ ከተኛሽ ትታወሪያለሽ› እያለች ነው ያሳደገችኝ፤ የአገራችን ሴት ፀጉሯን ታጥባ አትተኛም። ስለዚህ ውኃ ውስጥ ተደፍቃ ነው የተጋደመችው። ይህን ልማድ ሳያውቅ በእርጥብ ፀጉር ሊያስተኛት የሚችል እዚህ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ከርቲስ ሳቀ። «በፀጉር ልታስሪኝ ነው?»

«ሳንባዋን ሐኪም ያየዋል። መቀርቀሪያው በውጭ ስለሆነ ማሪሉ በሩን ልትከፍት አትችልም። ጠዋት ግን እርጥቡ ፀጉር የሚያጋልጥ መሆኑ የገባው ሰው ትራሱን ገልብጧል።»

ቪርጂልያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ማሪሉ፣ እናትሽ የት እንደምትኖር አውቃለሁ» አለች።

ማሪሉ ጠረጴዛውን ይዛ ቆመች።

«ማታ ጌታው ከፍተው ጠሯት። ተሸክመው ሲመልሷት እጅጌያቸው ውኃ ያንጠባጥብ ነበር። ፈርቼ ዓይኔን ጨፈንኩ። ጠዋት ትራሱን የገለበጡት እመቤቴ ናቸው።»

ባልና ሚስቱ በካቴና ሲወጡም ማሪሉን ፍርሃቷ አልለቀቃትም። ዴልፊና መጠለያ እንደተዘጋጀላት ነገረቻት። ማሪሉ ስለ ቪዛው አልጠየቀችም።

«እትዬ፣ የማድርበት ቤት… መቀርቀሪያው በየት በኩል ነው?»

«በውስጥ በኩል ነው፣ እህቴ።»

ማሪሉ ያኔ አለቀሰች።