ጣት የሚቆጠርበት ጨርቅ

«ዞር በይ እስኪ» አለች አዝራር፣ በከንፈሮቿ ሁለት እስፒል ነክሳ።

ቀጭኔ ዞረች። ቀሚሱም አብሯት ዞረ፤ ግን እንደ እሷ አልቸኮለም። እሷ ከቆመች በኋላ ጫፉ ትንሽ ዋልሎ፣ የሚያስበው ነገር እንዳለው ሁሉ ቀስ ብሎ እግሯ ላይ አረፈ።

«ወለሉን ነካ። አየሽው? ነካ እኮ።»

«አልነካም። አንድ ጣት ይቀረዋል። ቢነካማ አቧራ ትጠርጊበታለሽ።»

«እና ልጥረጋ! ዕድሜ ልኬን ቀሚስ ከቁርጭምጭሚቴ በላይ ሲያልቅብኝ ኖሬ፣ አንድ ቀን አቧራ ብጠርግ ምን አለበት?»

አዝራር ስሟ አይደለም። በሁለት ዓመቷ ከእናቷ የስፌት መኪና ሥር ያገኘችውን አዝራር ውጣ ቤቱን ካተራመሰች ወዲህ የወጣላት ነው። ቀጭኔም ስሟ አይደለም፤ የእሷን ምክንያት ግን ማንም ጠይቆ አያውቅም፤ ማየት ይበቃል። ሁለቱ ከልጅነታቸው ጀምሮ በአንድ ዴስክ የተቀመጡ፣ በአንድ ጃንጥላ የተመላለሱ ናቸው፤ ጃንጥላውን የምትይዘው ሁልጊዜ ቀጭኔ ነች።

አምና በትምህርት ቤቱ የመዝጊያ ዝግጅት ላይ ቀጭኔ ግጥም አንብባ ነበር። ከገበያ የተገዛው አባያ አጥሮባት ስለነበር፣ ግጥሙን እስክትጨርስ ጉልበቷን አጥፋ ቆመች፤ ጫፉ እግሯን እንዲሸፍንላት። ከታች የተቀመጡት ተማሪዎች «ወንበር አምጡላት እንጂ፣ ልጅቷ ልትቀመጥ ነው» እያሉ ሙድ ያዙባት። ዘንድሮ የመድረኩ መሪ ሆና ተመርጣለች። ከጠዋት እስከ ምሳ ቆማ ስትናገር ልትውል ነው። «ዘንድሮ ጉልበቴን አላጥፍም» አለች፤ ጨርቁንም ይዛ የመጣችው ወደ ሰፊዋ የአዝራር እናት ሳይሆን ወደ አዝራር ነበር።

የጨርቁ ቀለም ዝናብ ሊያባራ ሲል ሰማዩ የሚይዘው ዓይነት ነው፤ አረንጓዴ እንዳትለው ግራጫ፣ ግራጫ እንዳትለው አረንጓዴ። አዝራር ትከሻውን ቀለል፣ እጅጌውን ከአንጓ ላይ ሰብሰብ አድርጋ፣ ከወገቡ በታች ስትራመድ የሚከፈት ስትቆም የሚዘጋ እጥፋት አበጅታለታለች። ብቻዋን ቆርጣ ብቻዋን የሰፋችው የመጀመሪያ ልብሷ ነው።

«ማሻአላህ» አለች አንዲት ነርስ፣ የራሷን ነጭ ጋውን ልትወስድ መጥታ ተራ የምትጠብቅ ደንበኛ። «ይሄን ማን ሰፋው?»

እናትየዋ ቀና አላለችም። የነርሷን ጋውን እጅጌ መኪናው ሥር አስገብታ እግሯን እያወዛወዘች በአገጯ ብቻ ወደ ልጇ ጠቆመች። «እሷ። እኔ መቀሱን እንኳ አልነካሁላትም።»

ድምፅዋ ውስጥ የነበረውን ኩራት ነርሷም ሰማችው፤ አዝራርም ሰማችው። ከሳምንት በፊት እናቷ ያን ጥቁር እጀታውን የእጅ ልማድ ያለሰለሰውን ትልቅ መቀስ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ «ይሄ ቀሚስ ካማረ ከእንግዲህ መቀሱ የጋራችን ነው» ብላት ነበር። የቤቱ ሰው ሁሉ ያን መቀስ ጥፍር ሊቆርጥበት ቀርቶ ወረቀት ሊቆርጥበት አይደፍርም።

የስፌት ቤቱ አንዲት ክፍል ነች። በሯ በቀጥታ መንገድ ላይ ይከፈታል፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሳትጠራ ትገባለች። ግድግዳው ላይ ያለቁ ልብሶች ተደርድረዋል። በአንድ ወገን የአሮጊቷ ጎረቤት ሰፊ ጥቁር ጅልባብ፤ «የእናቴን ዓይነት፣ አንድም ነገር እንዳትጨምሪበት» ብላ ያዘዘችው። ከጎኑ የስልክ መሸጫዋ ልጅ ከስልኳ ላይ ፎቶ አሳይታ ያሰፋችው፣ ቀበቶ ያለው ቡናማ ቀሚስና የሚመሳሰለው ሂጃብ። አሁን ደግሞ የነርሷ ጋውን፤ እጅ ስትታጠብ ወደ ላይ የሚያዝ፣ ስትጨርስ የሚወርድ እጅጌ ያለው።

«ሁሉም መሸፈን ነው፤ ሁሉም አይመሳሰልም» አለች ነርሷ ልብሶቹን እያየች። «እንዴት ትችይዋለሽ?»

እናትየዋ ሳቀች። «ዲኑ ‹ተሸፈኑ› ይላል። እናቶቻችን ‹እንደኛ ተሸፈኑ› ይላሉ። ልጆቹ ደግሞ ‹አምሮብን እንሸፈን› ይላሉ። እኔ መሃላቸው ሜትር ይዤ እቆማለሁ።»

«ማንም አይጣላሽም?»

«ጣት ካልተቆጠረ ማንም አይጣላኝም።»

ይህ የቤቱ ሕግ ነው። መቀስ ከመነሳቱ በፊት ጨርቁ በር ላይ፣ ፀሐይ ፊት ይያዛል፤ ከኋላው እጅ ይገባል። ጣት ከተቆጠረ ጨርቁ ገበር ይፈልጋል። ካልተቆጠረ ቢስሚላህ ብሎ መቁረጥ ነው። «ሸፍኖ የሚያሳይ ልብስ በር ዘግቶ መስኮት እንደ መክፈት ነው» ትላለች እናትየዋ። አዝራርም ይህን ጨርቅ እንደ ደንቡ በር ላይ ይዛዋለች። «ጣት አየሽ?» ስትባልም «አይቆጠርም» ብላለች።

«ቀለሙን ውጪ ብርሃን ላይ ልየው» አለች ቀጭኔ፤ ብላም ወደ በሩ ሄዳ ደፉ ላይ ቆመች።

ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ፊት ለፊቷ ነበረች። አዝራር ከኋላ አየቻት። ዝናብ ሊያባራ ሲል ያለው ሰማይ በአንዴ ተገለጠ። የቀጭኔ ረጃጅም እግሮች ቀሚሱ ውስጥ፣ ግድግዳ ላይ እንዳረፈ ጥላ ጥርት ብለው ቆመዋል። ከሥር የለበሰችው ሱሪ ጉልበቷ ጋ እንደሚያልቅ ሳይቀር ይታያል።

እናትየዋ መኪናው ላይ አጎንብሳለች። ነርሷ እጅጌዋን እየለካች ነው።

«ከኋላስ እንዴት ነው?» አለች ቀጭኔ ሳትዞር።

አዝራር እስፒሎቹን ከአፏ አወጣች።

«አምሯል» አለች።

«አንቺ አምሯል ካልሽ አበቃ» አለች ቀጭኔ። «እኔ ለጀርባዬ ዓይን የለኝ።»

ቀሚሱን አውልቃ አጥፋ፣ ሕፃን የያዘች ይመስል ደረቷ ላይ አቅፋ ሄደች።

ደንበኞች ሲያልቁ አዝራር ከጨርቁ የተረፈውን ቁራጭ አንስታ በሩ ጋ ያዘችው፤ እጇንም ከኋላው አስገባች። አውራ ጣት፣ ሌባ ጣት፣ መሃል ጣት፣ የቀለበት ጣት፣ ትንሿ ጣት። ቀለበት ቢኖራት ፈርጡም ይታይ ነበር።

ያኔ ገባት። ጨርቅ ሲገዛ ለሁለት ታጥፎ ነው የሚጠቀለለው። ያን ቀን ቸኩላ፣ ሳትዘረጋው፣ እንደታጠፈ ነበር በር ላይ የያዘችው። የያዘችው ጨርቅ አንድ መስሏት ሁለት ነበር።

ሌሊቱን ምክንያት ስትለቅም አደረች። ምናልባት መድረኩ ጥላ ውስጥ ይሆናል። ምናልባት ደመና ይሆናል። ከሥር ረጅም ነገር እንድትለብስ ብትመክራትስ? እሱም አያዋጣም፤ ቀጭኔ እግሯ ድረስ የሚደርስ ነገር ቢኖራት መጀመሪያስ መቼ ቀሚስ አሰፋች?

በማግሥቱ፣ በዝግጅቱ ዋዜማ፣ ከትምህርት በኋላ ግቢው ውስጥ መድረኩ ሲተከል አገኘችው። ጥላ የለውም። ዘበኛው አንድ እንጨት ላይ ተቀምጦ ሠራተኞቹን ያዛል፤ የሚሰማው ግን አልነበረም።

«ጋሼ፣ ጠዋት ፀሐይ በየት በኩል ነው የምትመጣው?»

ዘበኛው ከላይ እስከ ታች አያት። «አሁንም በምሥራቅ ነው ልጄ። ይሄን ያህል ዓመት ተምረሽ አልነገሩሽም?»

«ማለቴ ለመድረኩ።»

«ከመድረኩ ኋላ ነዋ፣ በዚያ በአጥሩ በኩል። ተመልካቹ ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚያጨበጭበው። ብዬ ነበር፤ ማን ይሰማኛል።»

አዝራር ባዶው መድረክ ላይ ቀጭኔን አየቻት፤ ጉልበቷን ሳታጥፍ፣ ቀጥ ብላ ቆማ፣ ፀሐይን ከኋላዋ አድርጋ ፈገግ ስትል። ደግሞ ታች ያሉትን አየች። ስልክ የማያወጣ ማን አለ?

ወደ ቤት የሚወስደውን መታጠፊያ አልፋ ሄደች።

ቀጭኔ የቤታቸውን በር የከፈተችው ቀሚሱን እንደለበሰች፣ ጭልፋ እንደ ማይክ ይዛ ነው። «ክቡራንና ክቡራት» አለቻት፣ «የዕለቱ የክብር እንግዳችን ሳንጠብቃት ደርሳለች።»

አዝራር አልሳቀችም። «ትናንት ከኋላ እንዴት ነው ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር።»

«አምሯል አልሽኝ።»

«ያምራል። ግን ብርሃን ሲያርፍበት ያሳያል።»

ጭልፋው ዝቅ አለ። «ምን ያህል?»

«ከሥር የለበስሽው ሱሪ ጉልበትሽ ጋ ያልቃል።»

ቀጭኔ ወደ ራሷ አጎንብሳ አየች፤ ከዚያ ቀና አለች። «ትናንት አይተሻል?»

«አይቻለሁ።»

«እና አምሯል አልሽኝ።»

«አልኩሽ።» ሌላ የምትለው ነበራት፤ ስለ መቀሱ፣ ስለ እናቷ ድምፅ፣ ስለታጠፈው ጨርቅ። ሁሉም ሰበብ ሰበብ ሸተታትና ዋጠችው።

«ነገ ማንም አይነግረኝም ነበር እኮ» አለች ቀጭኔ ቀስ ብላ። «ማታ ፎቶው ነበር የሚነግረኝ። ሰው እንደ ፈለገ ይሳቅብኝ፣ ለምጄዋለሁ። ይሄን ግን ሳላውቅ…»

አልጨረሰችውም። ገባችና በሩን ዘጋችው።

አዝራር ደጃፉ ላይ ቆመች። መሄድ ይኖርባት እንደሆነ አላወቀችም። ግድግዳው ላይ አንድ ጉንዳን የሆነ ፍርፋሪ ይዞ ይወጣል፤ ይወድቅበታል፤ ተመልሶ ይወርዳል። ሁለተኛ ሲጥለው በሩ ተከፈተ። ቀጭኔ የትምህርት ቤት ልብሷን ለብሳ፣ ሂጃቧን እንደነገሩ ጠምጥማ፣ ቀሚሱን በክንዷ ይዛ ወጣች።

«ነይ እንሂድ» አለች።

«አልተቆጣሽም?»

«ተቆጥቻለሁ። እየሄድን እቆጣለሁ። ፀሐይዋ ሳትገባ መድረስ አለብን።»

እንዳለችውም እየሄዱ ተቆጣች። ከዳቦ ቤቱ እስከ ፋርማሲው ድረስ ተቆጣች። ከፋርማሲው ወዲህ፣ «ለመሆኑ ሱሪዬ ምን ዓይነት ቀለም ነበር?» ብላ ጠየቀች።

«ሰማያዊ።»

«ጉድ ነው፣ ቀለሙም?» አለች፤ ሳቋ ግን አመለጣት።

እናትየዋ ብቻዋን ነበረች። አዝራር ቀሚሱን ገልብጣ፣ ስፌቱን ወደ ላይ አድርጋ ፊት ለፊቷ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።

«እማ፣ ታጥፎ ነው ያየሁት።»

ለሰፊ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም። እናትየዋ መነጽሯን አወለቀች፤ ቀሚሱን በጣቷ ዳሰሰች፤ እጥፋቱን፣ የእጅጌውን አንጓ፣ ሁሉንም ቀስ ብላ ነካች። ዓይኗ ቀጭኔ ላይ አረፈ፤ ከዚያ ልጇ ላይ።

«ስፌቱ ንጹሕ ነው» አለች በመጨረሻ። «ገበር የሚሆን ግን የለኝም። ያለው ሁሉ ወይ ወፍራም ነው ወይ ለእሷ አጭር።»

«አለ» አለች አዝራር።

ከስፌት ቤቱ ጀርባ ካለው መኝታቸው፣ ከአልጋው ሥር፣ ሻንጣዋን ጎትታ አምጥታ ከፈተች። አክስቷ የሰጠቻት ወተት የመሰለ ልስልስ ጨርቅ እስካሁን መቀስ አልነካውም። ለራሷ ስንት ጊዜ በሐሳቧ ሰፍታዋለች፤ አንዴ በሰፊ እጅጌ፣ አንዴ አንገቱ ላይ በትናንሽ አዝራሮች። እንኳን ልትቆርጠው፣ እንዳይሸበሸብ ብላ አስር ጊዜ አጥፋ አስር ጊዜ ዘርግታዋለች።

«ያ ያንቺ ነው» አለች እናቷ።

«አውቃለሁ።»

እናትየዋ ወንበሯን ወደ ጎን ሳብ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ ቦታ ለቀቀች። ትልቁ መቀስ መሃል ላይ ነበር። አላራቀችውም፤ አላቀረበችውምም።

አዝራር እጇን ወደ መቀሱ ዘረጋች፤ ሳትነካው መለሰችው።

«መጀመሪያ በሩ ጋ» አለች።

ጨርቁ ረጅም ነው፤ ሳይታጠፍ ለመያዝ ቁመት ይፈልጋል። ቀጭኔ ሳትጠየቅ ወጣች፤ ደፉ ላይ ቆማ ሁለት እጆቿን ወደ ላይ ዘርግታ ያዘችው። ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድም ቦታ ሳይታጠፍ ወረደ። እናትየዋ ከመኪናዋ ተነሥታ፣ ወገቧን ይዛ፣ በቀጭኔ ጎን አልፋ ወደ ውጭ ወጣችና እጇን ከጨርቁ ኋላ አስገባች።

ፀሐይዋ ጣሪያዎቹ ላይ ልትቀመጥ ትንሽ ቀርቷታል። መንገዱ፣ የሚያልፈው ሰው፣ ሁሉም ከጨርቁ ማዶ ቀረ።

«ስንት ጣት ነው?» አለች እናቷ ከወዲያ።

«እጄ ዝሏል» አለች ቀጭኔ።

አዝራር አልቸኮለችም። አንድ እርምጃ ተጠጋች።

«ቆዩ» አለች፣ «እያየሁ ነው።»