የፊት ወንበር ቀበቶ

የሉባባ የእጥበት ቀን ሲሆን እንድሪስ ከሱብሂ ሶላት በኋላ ተመልሶ አይተኛም። ወጥቶ የመኪናዋን ኮፈን ይከፍታል፣ ዘይትና ውሃ ያያል፣ ሞተሩን አስነስቶ እንድትሞቅ ይተዋታል፤ ከዚያ ገብቶ ባለቤቱን ደግፎ ያወጣና ከኋላ ወንበር፣ ትራስ ከወገቧ አስደግፎ፣ ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ስቦ ያስቀምጣታል። ኩላሊቷ ሥራ ካቆመ ወዲህ ደሟን የሚያጥበው ማሽን ያለው ደሴ ነው፤ እነሱ የሚኖሩት ኮምቦልቻ። መሃል ላይ ሐረጎ አለ፤ ያ ጥምዝምዝ፣ ያ ጉም፣ ከባድ መኪና ሁሉ እያቃሰተ የሚወጣው ዳገት።

ሉባባ መንገድ ላይ ብዙ አታወራም፤ ትንፋሿ አያደርሳትም። ስለዚህ ከጊዜ በኋላ ባልና ሚስቱ የራሳቸውን ቋንቋ አበጁ። የጋብቻ ቀለበቷ በሳሳው ጣቷ ላይ ስለሚላላ በእሱ የሾፌሩን ወንበር ጀርባ ትመታለታለች፦ ሁለቴ ቀጭ ቀጭ ታደርግና፣ ቆም ብላ፣ አንዴ ትደግማለች። አለሁ ማለት ነው። እንድሪስ ያን ድምፅ ሲሰማ መሪውን አጥብቀው የያዙት ጣቶቹ ይላላሉ። ሳይሰማው ብዙ ከሄደ ደግሞ በመስታወቱ ወደ ኋላ ያያል።

ችግሩ መኪናዋ ነበረች። ሜዳ ላይ ማንም አይቀድማት፣ ዳገት ስታይ ግን ልቧ ይከዳታል። አንድ ቀን ከጭነት መኪና ኋላ ተይዘው አርፍደው ሲደርሱ ማሽኑ ለሌላ ታማሚ ተሰጥቶ ጠበቃቸው። ነርሷ ምን ታድርግ፤ ወረፋ ወረፋ ነው። ያን ሰሞን ሉባባ ተጋድማ መተኛት አቃታት፤ እግሯ አበጠ፣ ግድግዳ ተደግፋ እየተነፈሰች ታድር ጀመር፤ ያም ትንፋሽ ከተባለ። እንድሪስ ፈራ። የፈራ ሰው ይቸኩላል፣ የቸኮለ ደግሞ አፍሶ ይለቅማል፤ ይሄን ሁሉም ያውቀዋል፣ ሲደርስበት ግን ማንም አያስታውሰውም።

ንጋቱ የሚባል መካኒክ የመኪና ኮምፒውተር ከፍቶ ጉልበት የሚጨምር ፕሮግራም ይጭናል ብለው ነገሩት። በዚያ መስመር ያሉ ሾፌሮች አንድ ሕግ አላቸው፤ ነፍስ ከጠፋባት መኪና የወጣ ዕቃ አይገጥሙም። መስታወት ይሁን በር፣ አንዲት ብሎንም ብትሆን ደም አለባት ይባላል፤ ምንም የተቸገረ ቢሆን እጁን ይሰበስባል። እንድሪስም ሕጉን የሚያከብር ሰው ነውና ሥራው እስኪያልቅ ከንጋቱ አጠገብ አልተነቃነቀም። ንጋቱ ላፕቶፑን በገመድ ከመሪው ሥር ሰካ፣ ጠበቀ፣ ነቀለ። አንድም ብረት አልወጣም፣ አንድም ብረት አልገባም። እንድሪስ መርቆት ሄደ።

በማግስቱ መኪናዋ ሌላ ሆነች። ሐረጎን ስትወጣ የደከመች አትመስልም፤ የጭነት መኪናዎቹን አንድ በአንድ እያለፈች፣ ሞተሩም ዝግ ባለ፣ በተመቸው ድምፅ እያንጎራጎረ ወጣች። ሉባባ ከኋላ በቀለበቷ መታች፣ እሱም ሳቀ። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ እንዲህ ነው። ጫፉ ላይ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው፣ የመንገድ ዳር አጥሩ ተሰብሮ በሽቦ ከታሰረበት መታጠፊያ ላይ፣ ሞተሩ ምት ሳተ። መኪናዋ አንዴ ብቻ እንደ ሰው ሆዷን ጨበጥ አደረገች፣ ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ቀጠለች። መስኮቶቹ እንደተዘጉ ውስጡን የሎሚ ሽታ ሞላው፤ መንገድ የሚያጥወለውለው ተሳፋሪ በጥፍሩ ጫር እያደረገ የሚያሸተው ዓይነት፣ ትኩስ፣ መራራ የሎሚ ልጣጭ ሽታ። ሎሚ ይዘሽ ነው ወይ ብሎ ጠየቃት። ከየት አባቴ አመጣለሁ አለችው። ሐኪሞቹ ሎሚና ብርቱካን ከከለከሏት ወዲህ ቤታቸው ገብቶ አያውቅም።

ንጋቱ ሰነፍ መካኒክ አይደለም፣ ይሄ አይካድም። መመርመሪያውን ሰክቶ ሦስተኛው ሲሊንደር ምት ይስታል የሚል አገኘ። ካንዴላዎቹን ቀየረ። ለካንዴላው እሳት የሚሰጠውን የሦስተኛውን ኮይል አውጥቶ ከአንደኛው ጋር አለዋወጠው፤ ጥፋቱ የኮይሉ ቢሆን ኖሮ አብሮት ወደ አንደኛው መሄድ ነበረበት፣ እሱ ግን ሦስተኛው ላይ ቀረ። ነዳጅ የሚረጨውን ኖዝል አጠበ፣ የሲሊንደሩን እመቃ ለካ፣ የኤሌክትሪክ ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ፈተሸ፤ ሁሉም ደህና ነው። ሁለቱ ተያይዘው ሐረጎን ወጡ፣ ወረዱ፤ ሞተሩ አንድም ምት አልሳተም። ምናልባት ክብደት ይሆናል ብሎ ንጋቱ ሉባባ በምትቀመጥበት ላይ ጆንያ ሙሉ አሸዋ ጫነና እንደገና ወጡ። ምንም የለም። ምት የሚስተው ሉባባ ስትኖር ብቻ ነበር።

በተከታዩ ጉዞ ምት መሳቱ ከዳገቱ ግማሽ ጀመረ። ከሱ ጋር አንድ ሌላ ነገር መጣ። ከፊት፣ ከሾፌሩ ጎን ያለው ወንበር ባዶ ነው፤ የሉባባ ፌስታል እንኳ የለበትም። ሰው ተቀምጦ ቀበቶ ሳያስር ሲቀር የምትበራው ቀይ መብራት ግን በራች፣ ጩኸቷንም ለቀቀችው፤ ቲን ቲን ቲን። እንድሪስ ሾፌር ሁሉ እንደሚያደርገው እጁን ዘርግቶ የባዶውን ወንበር ቀበቶ ሳበና ሰካው። ጩኸቱ ቆመ። እፎይ ብሎ ዓይኑን ወደ መንገዱ ሊመልስ ሲል ግን ቀበቶው ሲንቀሳቀስ አየው። ላልቶ ተንጠልጥሎ የነበረው ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ ተጎተተና ከወንበሩ መደገፊያ ራቅ ብሎ፣ አየር ላይ፣ ሰው ደረት ላይ እንዳረፈ ሆኖ ቀረ። ትንሽ ከፍ ይላል፣ ትንሽ ዝቅ ይላል። የሎሚው ሽታ መጣ። ከኋላ የሉባባ ቀለበት ቀጭ ቀጭ፣ ቀጭ አለ፤ እሷም አይታለች ማለት ነው።

ያን ቀን እንደምንም ደረሱ። በሚቀጥለው ግን ሞተሩ ከዳገቱ ሥር ጀምሮ ምት እየሳተ፣ ከኋላ ያለው መኪና ሁሉ ክላክስ እየነፋበት፣ እየተንገጫገጨ ወጣና የተሰበረው አጥር ጋ ሲደርስ ጭራሽ ጠፋ። እንድሪስ ቁልፉን ቢያዞር፣ ወርዶ ኮፈን ቢከፍት፣ ቢለምን ቢራገም አልነሳ አለ። በመጨረሻ አፍንጫዋን ወደ ኮምቦልቻ መልሶ ቁልቁል ሲለቃት ወዲያው ተነሳች፣ እንደ ሰዓትም ሠራች። የሉባባ ተራ አለፈ። ማታውን ፊቷ አብጦ ዓይኗ ጠበበ፣ ስትተነፍስም ደረቷ ውስጥ ውሃ ሲንቦጫረቅ ይሰማ ጀመር። ሐኪሙ በስልክ ሌላ ቀን አትጠብቅ አለው።

ጎህ ሲቀድ እንድሪስ የንጋቱን በር ደበደበ። ፕሮግራሙን አውጣልኝ፣ የድሮውን መልስልኝ አለው። ንጋቱ አቀረቀረ። የድሮውን የያዘው ላፕቶፕ ተቃጥሏል፤ ሌላ የመኪና ኮምፒውተር ከአዲስ አበባ ማስመጣት ቀናት ይፈጃል። እንድሪስ ክንዱን ያዘውና ያን ፕሮግራም ከየት ነው ያመጣኸው ብሎ ጠየቀው።

“ብረት አልነካሁም” አለ ንጋቱ። “አንዲት ብሎን አልወሰድኩም። ፕሮግራሙን ብቻ ነው የቀዳሁት።”

ነገሩ ቀስ በቀስ ወጣ። ሐረጎ ላይ አጥሩን ሰብራ ገደል የገባች አንዲት መኪና ነበረች፤ ልክ እንደ እንድሪስ መኪና ዓይነት፣ በሽተኛ ለማመላለስ ተብሎ ጉልበት የተጨመረላት። ሾፌሩ ተርፏል። በሽተኛዋ እህቱ ግን ከፊት ወንበር፣ ቀበቶዋን እንዳሰረች፣ ሎሚዋን እንደጨበጠች ነው የወጣችው። ለእጥበት ወደ ደሴ እየወሰዳት ነበር። ብረቱን ማንም እንደማይገዛው ያውቃልና ንጋቱ ከስብርባሪው ላይ በገመድ ፕሮግራሙን ቀድቶ ሄደ። በዚህ ነገር ደም ይኖራል ብሎ ማን ያስባል? ሕጉን ያወጡት ሾፌሮችስ መቼ አሰቡት።

እንድሪስ ሌላ መኪና ፍለጋ ከተማዋን ዞረ። ነዳጅ ጠፍቶ ታክሲው ሁሉ ማደያው ደጅ ተኮልኩሏል፤ አምቡላንሱ ምጥ የያዛት ሴት ሊያመጣ ገጠር ወርዷል። የማያውቀውን ሰው ሳይቀር እየለመነ ባዶ እጁን ተመለሰ። ውሃ የወሰደው አረፋ ይጨብጣል፤ ሉባባን አቅፎ እዚያችው መኪና ውስጥ አስገባትና ምን እንደሆነ ሁሉንም ነገራት። የምትፈራ መስሎት ነበር። የሉባባ ዓይን ግን እንባ ሞላ።

“ምስኪን” አለች፣ በየቃሉ እየተነፈሰች። “መንገድ ላይ የቀረች እንግዳ ናት። አድርሳት። ከኔ ጋር ትድረስ።”

የወሎ ሰው እንዲህ ነው፤ መንገደኛ ደጁ ቆሞ ማየት አይችልም። እንድሪስ ቢስሚላህ ብሎ ቀበቶውን ለባዶው ወንበር በእጁ ሰካ። አፍሮም ቢሆን፣ አንደበቱ እየተሳሰረም ቢሆን፣ “እህቴ፣ እናደርስሻለን” አለ።

ቀበቶው ቀስ ብሎ ተጎተተና አየር ላይ ቀረ፤ የሞተሩም ድምፅ ጠራ። ከኮምቦልቻ እስከ ዳገቱ ሥር አንድ ምት አልሳተም። ጉሙ ሐረጎን ውጦታል፤ ከመብራቱ ፊት ጥቂት አስፋልት ብቻ ይታያል፣ የቀረው ነጭ ነው፣ ድምፅም የለው። በየኩርባው ላይ ከኋላው ቀጭ ቀጭ፣ ቀጭ ይሰማዋል፤ አለሁ። የተሰበረው አጥር በጉሙ ውስጥ ብቅ ሲል እንድሪስ ትንፋሹን ዋጠ፣ ጥርሱን ነከሰ፣ ነዳጅ ረገጠ። መኪናዋ አለፈች። ልክ ስታልፍ ከጎኑ ያለው ቀበቶ ላላ፣ መደገፊያው ላይ ዝርግ ብሎ ተኛ። አልሀምዱሊላህ እያለ አለቀሰ። ሉባባ አልመታችም፤ በመስታወቱ ሲያይ አንገቷ ዘንበል ብሏል። እንቅልፍ ወሰዳት ብሎ ደስ አለው፤ ስንት ሌሊት ሳትተኛ።

ሆስፒታሉ ደጅ ሲደርሱ ነርሷ ተሽከርካሪ ወንበር እየገፋች መጣች። ሉባባ ግን በሩን ራሷ ከፍታ ወረደች። ነጠላዋን አስተካከለች፣ ሕንፃውን ቀና ብላ ለረጅም ጊዜ አየችው፣ ከዚያ ዘወር ብላ ጎንበስ አለችለት።

“እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ። አደረስከኝ” አለችና ወደ ውስጥ ገባች።

ቀልድ ነው አለ እንድሪስ ለራሱ። መድከም ነው፤ በሽታው አንጎል ላይ ሲወጣ ሰው ይቀባዥራል ብለውታል። ማሽኑ ሥራውን እስኪጨርስ ደጅ ሆኖ ይህንኑ ደጋገመው። ነርሷ ባለቤቱን ይዛ ስትወጣ እንዲህ ፊቷ በርቶ አይቻት አላውቅም አለችው፤ እሱም አሜን አለ፣ ሌላ ምን ይላል። በኪዮስኩ በኩል ሲያልፉ ሴትዮዋ ሎሚ እንዲገዛላት ጠየቀችው። ክልክል ነው ሊላት አፉን ከፈተ፣ ዓይኗን ሲያይ ግን ገዛላት።

ቁልቁለቱን ሲይዙ ጉሙ ገና አልተገፈፈም ነበር። ከኋላ ሎሚውን በጥፍሯ ጫር ስታደርግ ይሰማዋል። የተሰበረው አጥር ጋ ሲደርሱ በባዶው ወንበር ላይ ተሰክቶ የቀረው ቀበቶ ቀስ ብሎ ተጎተተና አየር ላይ ቀረ፣ እጅግ በሳሳ ደረት ላይ እንዳረፈ። እንድሪስ በመስታወቱ ወደ ኋላ አየ። የሴትዮዋ ሁለት እጆች ሎሚውን እንዳቀፉ ጭኗ ላይ ነበሩ። ሞተሩ ሁለቴ ምት ሳተ፣ ቆም አለ፣ አንዴ ደገመ።