እሷስ ገባች?

አስተዋዋቂው ከብረቱ ደረጃ ሥር በጎኑ ተኝቶ ነበር። የኮቱን ኮሌታ በአንድ እጁ ጎትቶ ፊቱን ሸፍኗል፤ ብርድ ልብስ ያጠረው ሰው እንደሚያደርገው። ሻዩን ይዛ የመጣችው ሴትም መጀመሪያ የመሰላት እንቅልፍ ነው። «ምነው፣ ሌላ መተኛ አጣህ?» ብላ ተቆጣችው። ሁለተኛ ስትጠራው ግን ብርጭቆው ከእጇ አመለጠ።

መርማሪዋ ስትደርስ ጨዋታው አልቆ፣ ዝናቡ አባርቶ፣ ተመልካቹም ወደየቤቱ ሄዶ ነበር። ለነገሩ «ተመልካች» ማለት ለዚህ ክለብ ማጋነን ነው። ወደ ታችኛው ሊግ ከወረደ ወዲህ ወንበሮቹ አቧራ ይጠጣሉ። አንዱ ሲያስነጥስ ከሜዳው ማዶ «ይማርህ!» ይባላል። ቡድኑ ድንገት ካሸነፈ ከሁሉ በፊት የሚደነግጡት ራሳቸው ተጫዋቾቹ ናቸው። ሽማግሌው አስተዋዋቂ ግን በትሪቡኑ አናት ካለችው ጠባብ ክፍል ሆኖ፣ ጨዋታው ወደ ማለቂያው ሲቃረብ፣ ስንት ሰው እንደመጣ ሳይናገር የቀረበት ቀን አልነበረም። «ዛሬ በቤታችን ያለነው» ብሎ ይጀምራል፤ ቁጥሩን ይጠራል፤ አመስግኖ ይዘጋል። ሺዎች በመጡበት ዘመንም፣ ሁለት መቶ ሰው በጠፋበት ዘመንም ድምፁ ያው ነበር።

አስከሬኑን ቀና ሲያደርጉት መርማሪዋ ጎንበስ ብላ ከሥሩ ያለውን መሬት በመዳፏ ዳበሰች። ዙሪያው ጭቃ ነው፤ እሱ የተኛበት ግን ደረቅ።

«ዝናቡ መቼ ነው የጀመረው?» አለች።

«ከእረፍት እንደተመለሱ» አለ የቡድኑ ሐኪም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጨመረ፦ «ጭንቅላቱን ተመትቷል፤ ግን ወዲያው አልሞተም። ኮሌታው ከላይ ርሷል፣ ፊቱ ደረቅ ነው። ኮቱን የጎተተው ራሱ ነው፣ ዝናቡ ሲጀምረው። እኔ እኮ ከዚህ ትሪቡን ማዶ ተቀምጬ ነበር። አንድ ሰው ቢጠራኝ...»

«ይህን ለጊዜው ለማንም አይናገሩ» አለችው።

መጀመሪያ ያነጋገረችው የክለቡን ፕሬዚዳንት ነው። ሰውየው ሆዱ የገፋ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ኮልታፋ የሆነ፣ «ር» የምትባል ፊደል በአፉ ዞራ የማታውቅ ሰው ነው።

«ተጨቃጭቀናል፤ አልደብቅም» አለ። «የተመልካቹ ቁጥል እንዲህ ከቀጠለ ፌዴሌሽኑ ሜዳውን ይዘጋል። እኔ ወደ ትልቁ ስታዲየም እንዛወል አልኩ። እሱ ደግሞ ዛሬ በማይክሎፎን ለህዝብ እናገላለሁ፣ እምቢ በሉ እላለሁ ብሎ ዛተ።»

«ተናገረ?»

«የት ተናገለ! ቁጥሉን ብቻ ብሎ ዝም። ገልሞኝ ነበል።»

«ከዚያ በኋላ እርስዎ የት ነበሩ?»

«ስልክ ላናግል ወጣሁ። ጨዋታው ሲያልቅ ተመለስኩ።»

«ያየዎት ሰው አለ?»

ፕሬዚዳንቱ ግንባሩን በመሐረቡ ጠረገ። አልነበረም።

የሟቹ ልጅ የክለቡ ሥራ አስኪያጅ ነው። አርባ ዓመት ገደማ ይሆነዋል፤ ዓይኑ ቀልቷል። ማስታወቂያው እንዳበቃ መጥቶ ከፕሬዚዳንቱ ወንበር አጠገብ እንደተቀመጠና እስከ መጨረሻው ፊሽካ እንዳልተነሳ ዙሪያው የነበሩት ሁሉ መስክረዋል። አባቱ በማይክሮፎን ተናግሮ፣ ከዚያ ወጥቶ ከወደቀ፣ ከሁሉ ነፃ የሚሆነው እሱ ነው።

«አባትዎ ጠላት ነበረው?»

«የለውም። ይህ ሜዳ ነው የገደለው» አለ ልጁ። «እናቴ ከሞተች ወዲህ እዚህ ነበር የሚኖረው ማለት ይቻላል። ማንም ለሌለበት ወንበር ሲናገር ይውላል።»

ድምፁ ረጋ ያለ፣ ከደረት የሚወጣ ነበር። መርማሪዋ ዓይኗን ከድና ትንሽ አዳመጠችው።

የበር ጠባቂው የሟቹ የልብ ጓደኛ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲስቅ ትከሻው ቀድሞ የሚስቅ ሰው ነው ይሉታል፤ ዛሬ ግን ትከሻው ወድቋል። ሻይ ሻጯ እንደተናገረችው የጓደኛውን ድምፅ ሲያስመስል ራሱ ሟቹ ግራ ይጋባ ነበር። መርማሪዋ ይህን ልብ ብላለች።

«ቁጥሩ ወደ ላይ የሚደርሰው እንዴት ነው?»

«በሩን ስዘጋ በውስጥ ስልክ እደውልለታለሁ።»

«ዛሬ ስንት አሉት?»

«ሁለት መቶ አሥራ ሁለት።»

«እሱስ ምን አለ?»

«እሺ አለና ዘጋው።»

«ሁልጊዜ እሺ ብሎ ነው የሚዘጋው?»

የበር ጠባቂው ባርኔጣውን ወደ ግንባሩ ሳበ። «እሱን ተዪው ልጄ። የሁለታችን ጉዳይ ነው» አለ።

መርማሪዋ አልተጫነችውም። ፕሬዚዳንቱ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል የተሰጠውን ፍፁም ቅጣት ምት በስልኩ ቀርጾ ነበርና፣ ከሻይ ቤቱ ደጅ ቆማ ቪዲዮውን ከፈተችው። የኳሱ ታሪክ የሚያሳፍር ነው፤ መቺው አጥሩን አሻግሮ ሰደዳት። ከጀርባ ግን በዝናቡ መሀል የድምፅ ማጉያው ጥርት ብሎ ይሰማል፦ «ዛሬ በቤታችን ያለነው ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ነን። እናመሰግናለን።»

ብርጭቆ የምታጥበው ሻይ ሻጭ እጇን ከውሃው አወጣች። የሟቹ ሚስት ታናሽ እህት ናት።

«ምን አለ? ቆርቆሮው ሲንጫጫብኝ እኔ አልሰማሁትም ነበር። እስቲ ድገሚው።»

ደገመችው።

«በበሩ የገባው ስንት ነው?» ብላ ጠየቀች ሴትዮዋ።

«ሁለት መቶ አሥራ ሁለት።»

ሻይ ሻጯ አፏን በእርጥብ መዳፏ ያዘች። መርማሪዋ በሥራዋ ሰው የተሳሳተ ቁጥር ሲያስደነግጠው ብዙ አይታለች። ትክክለኛ ቁጥር ሲያስደነግጥ ያየችው ዛሬ ነው።

ሁሉንም ትሪቡኑ ላይ ሰበሰበቻቸው። ከወንበሮቹ ውሃው ገና ይንጠባጠባል። ሐኪሙ ከዳር ቆመ፤ ሌሎቹ ተራርቀው ተቀመጡ፣ ባዶ ሜዳ ውስጥ እንደሚቀመጥ ሰው።

«ሽማግሌው የተኛበት መሬት ደረቅ ነው» ብላ ጀመረች። «የወደቀው ከዝናቡ በፊት ነው ማለት ነው። ማስታወቂያው ግን የተነገረው በዝናብ ነው። ስለዚህ በማይክሮፎን የተናገረው እሱ አይደለም።»

ሁሉም የበር ጠባቂውን አዩት። ድምፅ በማስመሰል የሚታወቀው እሱ ነውና።

«ፕሬዚዳንቱ አይደሉም» ብላ ቀጠለች። «ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እርስዎ ቢሆኑ 'አሥላ ሁለት' ነበር የምንሰማው።»

«ልክ ነው» አለ ፕሬዚዳንቱ፤ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ በኮልታፋነቱ ተደስቶ።

«አሁን ይንገሩኝ አባቴ» አለች ወደ በር ጠባቂው ዞራ። «ሽማግሌው የሚናገረው ቁጥር ከእርስዎ ቁጥር በስንት ይበልጥ ነበር?»

ሰውየው መሬት መሬቱን እያየ መለሰ።

«በአንድ» አለ።

«ራሱን ይጨምር ነበር?»

«እሱማ በበሩ ነው የሚገባው። እንደ ማንም ሰው ይቆጠራል።» «ሚስቱን ነው። ከሞተች ወዲህ ለፌዴሬሽኑ የምንልከው የበሩን ቁጥር ነው፤ ማንንም አላታለልንም። በማይክሮፎን ግን አንድ ይጨምራል። እኔ ቁጥሩን ስነግረው 'እሷስ ገባች?' ይለኛል። 'ገብታለች' እለዋለሁ። ከዚያ በኋላ ነው እሺ የሚለው። ዛሬ ሳይጠይቀኝ ሲዘጋው... በቃ ሐዘኑ ወጣለት፣ አረፈ ብዬ ደስ አለኝ እኮ! ደስ አለኝ!» ብሎ ፊቱን በባርኔጣው ሸፈነ።

«እኔም አውቃለሁ» አለች ሻይ ሻጯ እያለቀሰች። «ለእህቴ ወንበር ሻይ እወስድ ነበር።»

«እንግዲህ» አለች መርማሪዋ፣ «የተናገረው ሰው የሽማግሌው ድምፅ ያለው፣ ግን ይህን የማያውቅ ነው። እነዚህ ሁለቱ ቢሆኑ አንዷን ይጨምሩ ነበር። ከማስታወቂያው በኋላ የት እንደነበረ ሁሉም የሚመሰክርለት ሰው፣ ከማስታወቂያው በፊት የት እንደነበረ ማንም አያውቅም። ይህን ድምፅ ደግሞ ማስመሰል አላስፈለገውም፤ የወረሰው ነው።»

ማንም አልዞረም። ዞሮ ማየት አሳፈራቸው።

«እናቴን ነው?» አለ ልጁ። በዚያው ድምፅ። «እናቴን ነበር የሚቆጥረው?»

«አንተ ልጅ» አለች አክስቱ፣ «ምነው አንድ ቀን እንኳ አላዳመጥከው?»

ልጁ ሁለት እጁን ጉልበቶቹ መሀል ከተተ።

«እንዳይናገር ለመንኩት። ለፕሬዚዳንቱ ቃል ገብቼ ነበር። እምቢ ሲለኝ የማይክሮፎኑን ገመድ ነቀልኩት። 'በጉሮሮዬ እነግራቸዋለሁ' ብሎ በጓሮው የብረት ደረጃ ሊወርድ ተነሳ። 'ለማን ነው የምትናገረው አባዬ፣ ማንም የለም እኮ!' አልኩት። ኮቱን ያዝኩት፤ ለማስቀረት ነው የያዝኩት። ሲመነጭቀኝ ለቀቅኩት... ከላይ ሆኜ ጠራሁት። አልመለሰልኝም።»

«አልወረዱም?»

«ፈራሁ። የሞተ መሰለኝ። ስልኩ ሲጮህ አነሳሁት፤ ቁጥሩን ነገረኝ፤ ገመዱን መልሼ ሰካሁት። በሕይወት ያለ ካስመሰልኩ ማንም እኔን አይጠረጥርም ብዬ... ከዚያ በውስጠኛው በር ወጣሁ።»

ሐኪሙ ፊቱን አዞረ። ልጁ ያቺን መዞር አያት። ከዚያ መርማሪዋን አያት።

«የድምፅ ማጉያው አንዱ ከደረጃው በላይ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ሰምቶኛል?»

መርማሪዋ ዕድሜዋን ጥያቄ ስትጠይቅ የኖረች ሴት ናት፤ እንዲህ ያለ ግን ተጠይቃ አታውቅም። ልቧ አዘነለት። መዋሸት ይቀላት ነበር፤ ግን ደረጃው ሥር ለተኛው ሰውም ልቧ አዝኖለታል።

«ዝናቡ ሲጀምር በሕይወት ነበር» አለች። «ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቅም።»

ልጁ አንድ ጊዜ «አባዬ» ብሎ ጮኸ። ባዶው ትሪቡን ጩኸቱን መለሰለት፤ በአባቱ ድምፅ።

ከዚያ በኋላ በነበረው የሜዳቸው ጨዋታ ሰው መጣ። ወሬ ስቦትም ይሁን ሐዘን፣ የበር ጠባቂው በስንት ዓመቱ ሰልፍ አየ። መርማሪዋም መጣች፤ ኳስ አይገባትም፣ ግን ቤቷ መቀመጥ አልቻለችም። ልጁ በእስር ላይ ነው። ማይክሮፎኑን ማን ይያዝ ሲባል ሁሉም ሲሸሽ ሻይ ሻጯ ሽርጧን ፈትታ ወደ ጠባቧ ክፍል ወጥታለች።

በሩ ሲዘጋ የበር ጠባቂው ስልኩን አነሳ፤ መርማሪዋ ከጎኑ ቆማ ነበር። ቁጥሩን ለሻይ ሻጯ ነገራት።

«እሷስ ገባች?» አለች ሻይ ሻጯ።

«ገብታለች።»

«እሱስ?»

የበር ጠባቂው ወደ መግቢያው ዞሮ አየ። ሰው አልነበረበትም። ባርኔጣውን አወለቀ።

«አብረው ነው የገቡት» አለ።